የሐረጎን ጉም የሚችል መብራት፦ የመኪናን የፊት መብራት በግቢ ውስጥ ማጥራት፣ ማጠናከርና መቀባት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ምሽት በዚሁ መንገድ ላይ ባለው ሐረጎ በተባለው ዳገት ላይ ጉሙ ሲተኛ ከፊት የሚሄደው ተሳቢ የሚታየው ቀረብ ሲሉት ብቻ ነው፤ ከታች የሚወጣው ቦቴ ረጅም መብራቱን ካላወረደ ደግሞ ሹፌሩ ለጥቂት ሰከንዶች መንገዱን በግምት ይነዳል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሰው የፊት መብራትን ጌጥ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይችልም። ጌጥነቱ ግን አይካድም፤ የመብራቱን የውስጥ ክፈፍ ጥቁር ቀብተው በጠርዙ ነጭ የኤልኢዲ መስመር ያስገቡበት አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከሩቅ ሲታይ ዕድሜው የቀነሰ ይመስላል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ ከፍላጎት አልፎ ግዴታ እየሆነ ስለመጣ ይህን ሥራ በራሱ እጅ ለመሥራት የሚፈልግ ባለመኪና ብዙ ነው።

ሥራው በግቢ ውስጥ፣ በተራ መሣሪያ፣ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ሊያልቅ የሚችል ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ መስታወቱ ይጠራል፣ ከዚያ ለአምፖሉ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ይስተካከላል፣ አምፖሉ ይመረጣል፣ ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ይጀምራሉ፤ ውጤቱም ቀን አይን የሚስብ፣ ማታ ግን ከበፊቱ የማይሻል መብራት ይሆናል።

መስታወቱን ማጥራት

በልማድ መስታወት እንበለው እንጂ የዛሬ መኪኖች የመብራት ፊት ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ይኖረዋል፤ ያ ሽፋን አርጅቶ ሲሰነጣጠቅና ሲላጥ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ቢጫ ይሆናል፣ ይደበዝዛል። ፕላስቲኩን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ስለሚሄድ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ ብርዱ ቢያታልልም ፀሐይዋ ለመብራት አትራራም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው፤ አቧራ የለበሰን መስታወት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ እንደ ማሸት ይቆጠራል።

የጥርስ ሳሙና ይጠቅም እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የጥርስ ሳሙና በውስጡ ደቃቅ የሚፍቅ ነገር ስላለው ላዩን ያጠራዋል፤ ነገር ግን መከላከያ ሽፋን ስለማይተካ ከሳምንታት በኋላ ቢጫው ይመለሳል። የትንኝ ማባረሪያ መቀባት ከዚህ የባሰ ነው፤ የሚያብረቀርቀው የፕላስቲኩን ገጽ አለስልሶ ስለሚያሟሟው ሲሆን ጉዳቱ ቆይቶ ይታያል።

ትክክለኛው መንገድ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ መፋቅ ነው። መብራቱ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በዙሪያው ያለው የኮፈንና የፓራውርት ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ይሸፈናል። ከዚያም በ600 ቁጥር ይጀመራል (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል)፤ ቢጫው የጠናና ሽፋኑ የተላላጠ ከሆነ ከ400 መጀመር ይቻላል። ጥቂት ሳሙና የተጨመረበት ውሃ ሳይቋረጥ እየፈሰሰበት በ600 ወደ ጎን፣ በ1000 ወደ ላይና ወደ ታች፣ በ1500 እንደገና ወደ ጎን፣ በ2000 ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይፋቃል፤ 3000 ከተገኘ መጨረሻው እሱ ይሆናል። አቅጣጫውን መቀያየር የሚጠቅመው ከቀደመው ቁጥር የቀረ ጭረት ካለ ወዲያው ተለይቶ እንዲታይ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉም የበዛው ስህተት የመጀመሪያው ቁጥር ሥራውን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው መቸኮል ነው፤ ከጠቅላላው ድካም ከግማሽ የሚበልጠው 600 ላይ ማለቅ አለበት። በመካከል መስታወቱ እንደ ወተት ነጭ ሲሆን ጀማሪ ይደነግጣል፤ ሊደነግጥ አይገባም፣ የሚጠበቅ ነው።

ከ2000 ወይም ከ3000 በኋላ ለመኪና ቀለም በሚያገለግል ማወልወያ ቅባት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይታሻል። ከዚያ የሚቀረው ሰዎች የሚዘሉት ነገር ነው፤ የተፋቀው ፕላስቲክ አሁን ራቁቱን ስለሆነ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው ሽፋን) ካልተቀባበት በጥቂት ወራት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ይደበዝዛል። ክሊሩ ለመብራት ወይም ለመኪና ውጫዊ ክፍል ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ራሱ ቢጫ ይሆናል። ክሊር ከመነፋቱ በፊት ገጹ በአልኮል ይጠረጋል። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ግን ፖሊካርቦኔትን በደቃቅ ስንጥቅ ስለሚሞሉት ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለሁለት ክፍል ክሊር ከሁሉም የሚበረክት ቢሆንም ጢሱ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ተገቢው የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ በሌለበት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መንፋት የለበትም።

ለአምፖሉ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ

መስታወቱ ጠርቶም ብርሃኑ ቢጫና ደካማ ከሆነ አምፖል ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ቴስተር መያዝ ይሻላል። ሞተሩ ተነሥቶ፣ አጭር መብራት በርቶ፣ መጀመሪያ በባትሪው ጫፎች ላይ ቀጥሎ በአምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቱ ይለካል። ጤነኛ ዲናሞ ያለው መኪና ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሶኬቱ ላይ ከ13 በታች ከወረደ ቀሪው ቮልት በአሮጌ ሽቦ፣ በማብሪያውና በዛገ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር ታስሮ ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው በሚመልሰው ሽቦ) ላይ እየባከነ ነው ማለት ነው። የሃሎጅን አምፖል (በውስጡ የሚግል ክር ያለው የተለመደው አምፖል) ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ሽቦውን ማስተካከል ብዙ ጊዜ አዲስ አምፖል ከመግዛት ይልቅ ለውጥ ያመጣል።

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ወጪ የለውም። የማሳው ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ብሎን ይፈታል፣ ዝገቱ እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ተመልሶ በደንብ ይጠብቃል፣ በላዩ ጥቂት ግራሶ ይቀባል። ይህ ብቻ ግማሽ ቮልት የሚመልስበት ጊዜ አለ።

ካልበቃ ሪሌይ ይገባል። የሪሌይ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በመሪው ሥር ያለው ቀጭን ማብሪያ ከባዱን ኤሌክትሪክ ራሱ ከመሸከም ይልቅ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ከባዱ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ይመጣል። በሪሌዩ ላይ 30 የሚለው እግር በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር፣ 87 ከአምፖሎቹ ጋር፣ 85 እና 86 ደግሞ ከድሮው የመብራት ሶኬት ጋር ይገናኛሉ። ሁለት የ55 ዋት አምፖሎች በጋራ 9 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃቸዋል፤ ለረጅም መብራት ሌላ ሪሌይ ለብቻው ይደረጋል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ካልሆነ ጥቅም የለውም፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ከፊውዙ በፊት ያለው ክፍል ይቃጠላል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያጣራ የሚያገናኝ ሰው መብራቱ አልጠፋ ወይም አልበራ ብሎ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

አምፖል ስለ መምረጥ

ኤች 4 የሚባለው አምፖል አጭርና ረጅም መብራትን በአንድ ላይ የያዘ ሲሆን በ12 ቮልት መኪና ላይ 60/55 ዋት ነው። ኤች 7 እና ኤች 11 እያንዳንዳቸው 55 ዋት ሆነው አንድ ሥራ ብቻ ይሠራሉ። አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ አምፖላቸው ሌላ ነው። 100/90 ዋት የተጻፈበት ርካሽ አምፖል በየመለዋወጫ ሱቁ ይሸጣል፤ ታላቅ ወንድሜ በአንድ ወቅት ይህንኑ ገዝቶ በቀድሞው ሽቦ ላይ ገጠመው። ለሁለት ሳምንት መንገዱ እንደ ቀን በራልኝ ሲል ከቆየ በኋላ አንድ ማታ ሐረጎ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶት ቢቆም የግራው ሶኬት ቀልጦ ከአምፖሉ ጋር ተጣብቆ አገኘው። ጥሩ ስም ያለው የ60/55 ዋት አምፖል፣ ሙሉ ቮልት ሲያገኝ፣ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። ሃሎጅን ሲገጠም ብርጭቆው በባዶ ጣት መነካት የለበትም፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ግሎ አምፖሉን ቶሎ ይገድለዋል። ከተነካ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ነው።

ወደ ኤልኢዲ መቀየር ለሚፈልግ ደግሞ አንድ መመዘኛ ከዋጋውም ከብራንዱም ይቀድማል። የመብራቱ አንጸባራቂ ሳህን የተሠራው ብርሃኑ የሃሎጅኑ ክር ካለበት ትክክለኛ ነጥብ ይመጣል ተብሎ ነው። የኤልኢዲው ቺፕ ከዚያ ነጥብ በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ፈቀቅ ካለ ብርሃኑ ይበታተናል፤ ለነጂው የበዛ ይመስለዋል፣ ከፊት ለሚመጣው ግን ዓይን የሚያጠፋ ይሆናል። ስለዚህ ሲገዙ ሃሎጅኑንና ኤልኢዲውን ጎን ለጎን ይዞ፣ ከመቀመጫው ቀለበት እስከ ክሩና እስከ ቺፑ ያለውን ርቀት ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቺፖቹ ቀጭን ሆነው በግራና በቀኝ ጎን ብቻ ያሉት ከሃሎጅኑ ክር ጋር ይቀራረባሉ፤ በአራቱም ጎን ቺፕ የተደረደረበት እንደ በቆሎ ራስ የሚመስለው ግን ለፊት መብራት አይሆንም። ከኋላው ያለው ማራገቢያም የኮምቦልቻን አቧራ ስለሚስብ የመብራቱ የኋላ ክዳን ሊዘጋበት ይገባል። ዜኖን፣ በብዙዎች አጠራር ኤችአይዲ፣ ፕሮጀክተር ሌንስ (ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት የሚልክ ጎበጥ ያለ ሌንስ) በሌለው መብራት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሲነሣ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚረጭ መሣሪያ ስለሆነም በቤት ውስጥ ለመሞከር አይመከርም።

በኬልቪን የሚለካው የብርሃን ቀለም ሌላው መታለያ ነው። ሃሎጅን 3200 ገደማ፣ ከፋብሪካ የሚገጠም ዜኖን 4300 ገደማ ሲሆን 6000 ነጭ፣ 8000 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ሰማያዊው ዘመናዊ ይመስላል እንጂ እርጥብ አስፋልት ላይ መንገዱን አያሳይም። ጉም ውስጥ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ ወሳኙ የብርሃኑ ከፍታ ነው፤ ረጅም መብራት ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ነጂው ዓይን ስለሚመለስ ነጭ ግድግዳ ይሠራል፣ ዝቅ ብሎ የተስተካከለ አጭር መብራት ግን ከጉሙ ሥር አስፋልቱን ያገኛል። ኤልኢዲ ወደ ፊት ሙቀት ስለማይሰጥ የደሴን የጠዋት ጤዛ ከመስታወቱ ላይ እንደ ሃሎጅን ቶሎ አያደርቅም። እኔ በራሴ መኪና ላይ እስካሁን ሃሎጅን የምጠቀመው በዚህም ምክንያት ነው።

መብራቱን ፈትቶ ክፈፉን መቀባት

የባትሪው ኔጋቲቭ ከተነቀለ በኋላ መብራቱ ይፈታል። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ፓራውርቱ ሳይላላ መብራቱ ስለማይወጣ የ10 ቁልፍ፣ ባለመስቀል ካቻቢቴና የፕላስቲክ ማያያዣዎችን መንቀያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ማንሣትና ብሎኖቹን በየቦታቸው ለይቶ በትንንሽ ላስቲክ ማስቀመጥ ማታ ላይ ከሚመጣ ጭንቀት ያድናል።

መብራቱ ወጥቶ ከመከፈቱ በፊት ሙጫው ይመረመራል። በመስታወቱና በኋላው ቤት መካከል ያለውን ሙጫ በጥፍር ወይም በሹል እንጨት ሲጫኑት ጥቁር፣ ለስላሳና እንደ ማስቲካ የሚሳብ ከሆነ ቡታይል ነው፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል። እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ በሙቀት የማይለቅ ዓይነት ስለሆነ ሥራው እዚህ ላይ ቢቆም ይሻላል፤ በጉልበት የሚከፍት ሰው መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ቡታይል በ100 እና በ110 ዲግሪ መካከል ይለቃል። የኤሌክትሪክ ኦቭን ያለው ሰው አስቀድሞ አሙቆ፣ መብራቱን በጣውላ ላይ አድርጎ፣ ብረቱን ሳይነካ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ያቆየዋል። የእንጀራ ምጣድ ለዚህ አይሆንም፤ ከሥር የሚመጣው ሙቀት የመብራቱን ቤት ያጣምመዋል። በፈላ ውሃ ለማለስለስ የሚሞክሩም አሉ፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የባሕር ዳርቻ ሰው የሠራበት ዘዴ እዚህ ሙጫውን ግማሽ ድረስ ብቻ ያለሰልሰዋል፣ ውሃውም አንጸባራቂውን ያቆሽሻል። ለቤት ሥራ የሚመቸው ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ነው። ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ አንዱን ጥግ ማሞቅ፣ በፕላስተር በተጠቀለለ ካቻቢቴ ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ፣ ቀጥሎ ያለውን ማሞቅ፣ በዚህ ዓይነት ዙሪያውን መጨረስ ነው። ሙቀቱ ሳይደርስ መጎተት የለበትም። አስቀድሞም አምፖሎቹ፣ የጎማ ክዳኖቹና የቤቱ ብሎኖች ሁሉ መውጣታቸው ይረጋገጣል፤ በኋላ በኩል የተረሳች አንዲት ብሎን መብራት የሰበረችበትን ቀን አልረሳውም።

መብራቱ ሲከፈት ሁለት የሚያብረቀርቁ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው በአምፖሉ ዙሪያ ያለው አንጸባራቂ ሳህን ነው፤ ሁለተኛው በእሱ ዙሪያ ለውበት የተቀመጠው ክፈፍ ነው። የሚቀባው ክፈፉ ብቻ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ብርማ ገጽ በዓይን የማይለይ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀለም ቀርቶ ጣት እንኳ ሊነካው አይገባም። የመጀመሪያውን መብራት በከፈትኩበት ጊዜ ሳህኑ ላይ ያረፈ የጣት አሻራዬን ቲነር በነካ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ብሩ ከአሻራው ጋር ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ቀረ፣ ከሥሩም ቡናማ ፕላስቲክ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ ሁለተኛ እጅ መብራት ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ብቻ ነበር። አቧራ ካለ በአየር መንፊያ ይነፋል፣ ሌላው ሁሉ ይተዋል። ክፈፉና ሳህኑ አንድ ወጥ ሆነው የተሠሩባቸው መብራቶችም አሉ፤ እነዚህን ሳህኑን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ይቻላል ይባላል፣ ነገር ግን ፕላስተሩ ሲነሣ ብሩን ይዞ ሊነሣ ስለሚችል እኔ አልነካቸውም።

የተለየው ክፈፍ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፣ በ600 ወይም በ800 ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይታሻል፣ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚነፋ) አንድ ስስ ንብር ይነፋል። ቀለሙ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ10 እና በ15 ደቂቃ ልዩነት፣ ሦስት ጊዜ ስስ ስስ ተደርጎ ይነፋል። የመጀመሪያው ንብር የታችኛውን ካልሸፈነ ምንም አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የሚጣደፍ ሰው ቀለሙን ያስለቅሰዋል። አብረቅራቂ ያልሆነ ጥቁር ጥፋትን ይሸሽጋል፣ አብረቅራቂ ጥቁር ግን የብርጭቆ ወረቀቱን እያንዳንዱን ጭረት ያሳያል። አንዳንድ ሰው የመኪናውን የአካል ቀለም ይመርጣል፤ ነጭ መኪና ላይ ነጭ ክፈፍ ያምራል ማለት ይከብደኛል፣ ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው። ቀይ መቀባት አይመከርም፤ ከአምፖሉ የሚተርፈው ብርሃን ቀዩን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል።

የአየሩ ጠባይ በዚህ ሥራ ላይ ከቀለሙ ጥራት ያልተናነሰ ሚና አለው። ስፕሬይ ቀለም ደረቅ አየርና ቢያንስ 15 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። በደሴ ክረምት ከሆነ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ያርፍና ገጹ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። የተመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ነው። በክረምት መጠበቅ ያቃተኝ ጊዜ ክፈፎቹን በካርቶን አድርጌ ኮምቦልቻ ወዳለው የአክስቴ ግቢ እወርዳለሁ፤ ሙቀቱም ምሳውም እዚያ ይሻላል።

ቀለሙ ሲነኩት ደረቀ ማለት በቃ ማለት አይደለም። መብራቱ ከተዘጋ በኋላ ከቀለሙ የሚወጣ ትነት ከውስጥ በመስታወቱ ላይ ያርፍና የማይጠረግ ጭጋግ ይሆናል። ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ቀን፣ ደሴ ላይ አራት ወይም አምስት ቀን ቤት ውስጥ በሞቃት ቦታ መቆየት አለበት። መፈተኛው አፍንጫ ነው፤ ክፈፉ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ታስሮ ሲከፈት ቀለም ቀለም የሚሸት ከሆነ ገና ነው።

ነጩን የኤልኢዲ መስመር ማስገባት የሚፈልግ ሰው ጊዜው አሁን፣ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ሽቦው በቤቱ ላይ ባለው ቀዳዳ በጎማ ተሸፍኖ ይወጣል፣ በ2 ወይም በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር ይያያዛል። ቀይና ሰማያዊ የአምቡላንስና የፖሊስ መብራት ስለሆኑ አይመረጡም፤ ፍሬቻውም ብርቱካናማ እንደሆነ ይቆያል። መስታወቱን ከውጭ ጥቁር ስፕሬይ ወይም ጥቁር ላስቲክ ማልበስን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ቀን ተደክሞ የተገኘን ብርሃን መልሶ መሸፈን ነው።

መዝጋት

አሮጌው ሙጫ ትኩስ እያለ ከጉድጓዱ ተጠርጎ ይወጣል፤ አዲስ የቡታይል ገመድ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይተኛል፣ መስታወቱ ተጭኖ በመያዣዎቹ ይገባል፣ እንደገና ጥቂት ተሞቆ ይጫናል፣ ብሎኖቹ ይመለሳሉ። ቡታይል ጠፍቶ ሲሊኮን ለመጠቀም የሚገደድ ሰው ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት መተው አለበት፤ ያ ሽታ አሲድ ነው፣ የሳህኑን አሉሚኒየም ከውስጥ እየበላ ያጠቁረዋል። ከኋላ ያሉት ትንንሽ መተንፈሻ ጎማዎችም በሙጫ መደፈን የለባቸውም፤ መብራቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው በእነሱ ነው። መኪናው ላይ ከመመለሱ በፊት በአበባ ማጠጫ ለአምስት ደቂቃ ውሃ እየፈሰሰበት ይፈተናል።

ብርሃኑን ማስተካከል

ለዚህ የሚያስፈልገው ለጥ ያለ ሜዳና በፊቱ የቆመ ግድግዳ ነው። ደሴ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ከተማው ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ስለሆነ ሰፊ የፋብሪካ ወይም የነዳጅ ማደያ ግቢ ማስፈቀድ ወይም ኮምቦልቻ መውረድ ይቀላል። የጎማዎቹ አየር ይስተካከላል፣ ነጂው በወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ የሚጫን ዕቃ ካለ ከኋላ ይጫናል፤ የኋላው ሲከብድ አፍንጫው ስለሚነሣ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ሲጫን ሰማይ ያያል።

መኪናው ከግድግዳው 10 ሜትር ርቆ ይቆማል። ከመሬት እስከ አምፖሉ መሃል ያለው ቁመት ይለካና ያው ቁመት በግድግዳው ላይ በፕላስተር መስመር ይሠመራል፤ ከሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለተኛ መስመር ይሠመራል። አጭር መብራት ሲበራ ብሩሁና ጨለማው የሚለያዩበት ጠርዝ በታችኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ከኋላ ያለው ማስተካከያ በካቻቢቴ ይዞራል። አንዱ ሲስተካከል ሌላው በጨርቅ ይሸፈናል።

የዚያ ጠርዝ ቅርጽ ራሱ ይጠናል። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ጉዞ ከተሻገረችበት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ትክክለኛው መብራት ወደ ቀኝ ዳር ከፍ የሚል ነው፤ እግረኛውና የመንገዱ ጠርዝ ያሉት በዚያ በኩል ስለሆነ። በግራ ለሚነዳበት ለጃፓን ገበያ የተሠራ መብራት ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እዚህ ሲመጣ በቀጥታ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው። ይህ በማስተካከያ የሚድን ስላልሆነ ሁለተኛ እጅ መብራት ከመግዛት በፊት ሱቁ በር ላይ በባትሪ አብርቶ ግድግዳ ላይ ማየት ግድ ይላል።

ሐረጎን ለሁለትና ለሦስት ቀን ከተመላለሱ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቃሉ፣ ሪሌዩና ሶኬቱ መጋላቸው በእጅ ይዳሰሳል። በደሴ ማለዳ በመስታወቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ ስስ ጤዛ ታይቶ መብራቱ በርቶ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ መተንፈሻው እየሠራ ነው። ጠብታ ሆኖ ከሥር ከተጠራቀመ ግን ሙጫው የተቋረጠበት ቦታ አለ፤ ያ ጥግ ለብቻው ተሞቆ፣ ተከፍቶ፣ አዲስ ቡታይል ይገባበታል።